የደስታነሽ ግራ እጅ

ደስታነሽ ግራ ጡቷን አዲስ አበባ ተቆርጣ ስትመለስ፣ ሐዋሳ የታቦር ሰፈር ጎረቤቶቿ እንደ ለቀስተኛ መጡ። ከንፈራቸውን መጠጡ፤ «እግዜር ያውቃል» እያሉ ወጡ። እሷ ግን እግዜር የሚያውቀውን ለእግዜር ትታ የሐኪሟን ቃል ይዛለች።

ዶክተር አምሳሉ ሳይሸፋፍን ነበር የነገራት። «የቀረ ነገር እንዳይኖር ጨረር ያስፈልግሻል። እዚህ አገር የለም፤ ናይሮቢ ነው። ድሮ ፊት ለፊት እየለቀቁት ሳንባና ልብ ይጎዳ ነበር። አሁን በደረት ጎን ያሳልፉታል። ለዚህ ግን ክንድሽ ከራስሽ በላይ ወጥቶ መቆየት አለበት።»

ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ግራ ክንዷ ከትከሻዋ አያልፍም። ማለዳ ማለዳ ጣቶቿን በግድግዳው ላይ እያስዳኸች ሽቅብ ትገፋዋለች፤ ላብ ያጠምቃታል።

«ቁስሉ ይከፈታል፣ ተይው በቃ!» አላት ባሏ ሽበሺ።

«ቢከፈት ይሰፋል። ከተቀበርኩ ማን ይሰፋኛል?»

ከአገር ለመውጣት የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበርና ስብሰባ ሄደች። መፈክር ሲሰማ አዳራሹ በሙሉ ግራ እጁን ጨብጦ አነሣ። እሷ ቀኟን።

«ጓዲት!» አለ ሊቀመንበሩ ጓድ በኃይሉ። «እዚህ በአብዮቱ እያላገጥሽ ነው ውጭ አገር ልውጣ የምትይው?»

ሽበሺ ዝም እንድትል ቀሚሷን ጎተተ። እሷ ግን ተነሣች።

«ግራ ጡቴን ተቆርጫለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ቃሉ በአደባባይ የሚነገር አልነበረም።

«ይህን ክንድ በስንት መከራ የማነሣው ልድን ብዬ ነው። ለመፈክር አላነሣውም። ካላመኑኝ ላሳይዎት?» እጇ ወደ ቀሚሷ ቁልፍ ሄደ።

በኃይሉ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተከለ። «ተቀመጪ… ጉዳይሽ ይታያል።»

«እስኪታይ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

ስብሰባው እስኪበተን ቆመች። ድጋፉ እዚያው ታተመላት።

ናይሮቢ ክንዷ እየተንቀጠቀጠ ወጣ፤ ጨረሩ እስኪያልቅም አልወረደም። ቆዳዋ ጠቁሮ ተላጠ፤ ቆይቶ ዳነ። ሐዋሳ ስትመለስ ደረቷን በጥጥ አልሞላችም፤ በአንድ ወገን ዝርግ እንደሆነ የጨርቅ ሱቋን ከፈተች።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ሙሉጌጥ ሱቁ ውስጥ ገብታ የደስታነሽን እጅ ይዛ የገዛ ጡቷ ላይ አሳረፈችው። ከመዳፏ ሥር እብጠት እንደ ሽምብራ ይቆረቁራል።

ደስታነሽ የሱቁን በር ዘጋች። «ነይ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«አሁን? ባሌን ምን እለዋለሁ?»

«መንገድ ላይ እናስብበታለን።»