መሰላል ያዥዋ

እና በግራ ጎኗ መተኛት ደግሞ አትችልም፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ በጀርባዋ፣ ጣሪያውን እያየች፣ ጣሪያውን አባቷ ነው የቀባው፣ ጥጉ ላይ ቀለም ያልደረሰበት የመዳፍ ያህል ቦታ አለ፣ ዓይኗ እዚያ ሲያርፍ መሰላሉ ይንሸራተታል። አሁንም። ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ገብታለች፣ መሰላሉ ይንሸራተታል።

ተነሺ እንጂ የኔ ጀግና፣ ይላል አባቷ ከበር ውጪ፣ ዛሬ ሥራ አለን።

ጀግና። ምናለ ሌላ ስም ቢያወጣላት። ትናንት ለቀለም ሻጩ ሲያወራ፣ ቀጫጫ ናት ብለህ አትናቃት፣ መሰላሉ ሲከዳኝ ሥሬ ገብታ ፍራሽ ሆነችልኝ፣ የትከሻዋ አጥንት ቋ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት፣ እኔ አንድ ጭረት የለኝም! አንተን የሚያህል በሬ ወድቆባት እንዴት ተረፈች፣ አለ ቀለም ሻጩ። ሳቁ። እሷም ሳቀች፣ ስትስቅ ያማታል፣ አጥንቱ የገጠመበት ቦታ እንደ ለውዝ ፍሬ አብጧል፣ ትነካዋለች፣ ሁልጊዜ ትነካዋለች።

አልያዝኩትም ነበር አባዬ። በይ ንገሪው። እሺ፣ ዛሬ።

ያን ቀን፣ አዲስ ቤት፣ ባዶ ሳሎን፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ሴራሚክ ላይ መሰላል ያለ ያዥ አይቆምም፣ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፣ ሥራዋ ይኸው ብቻ ነው፣ በሁለት እጅ መያዝ፣ በእግር መርገጥ። ግን ግድግዳው ላይ ሰው የሚያህል መስታወት ተደግፎ ነበር፣ በላስቲክ የተሸፈነ፣ የቤታቸው መስታወት ፊት ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ሙሉ ቁመናዋን አይታ አታውቅም፣ አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ ኮርኒስ ይቀባል፣ ያፏጫል፣ አንዴ ብቻ፣ ላስቲኩን ገለጥ፣ እኔ ነኝ እንዴ ይቺ፣ እጇን ወገቧ ላይ፣ ፀጉሯን ወደ ጎን፣ ደስ አላት፣ ወይኔ ደስ አላት፣ ፉጨቱ ተቆረጠ፣ ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ፣ ከትከሻዋ ኋላ፣ መሰላሉ ሄደ። ሮጠች። ዘግይታ ደረሰች።

የቤታቸውን መስታወት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራዋለች። ምን ሆነሽ ነው፣ ስትላት እናቷ፣ ክንዴን ታስሬ ማየት ቀፍፎኝ ነው እማዬ። ማሰሪያው ከተፈታ ግን ሳምንት አለፈው።

ዛሬም ያው ሳሎን። ኮርኒሱ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ግራጫ። መስታወቱ ወዳለበት ጥግ አታይም። ከመውጣቱ በፊት እነግረዋለሁ፣ አሁን፣ ቀለሙን ሲበጠብጥ፣ አባዬ፣ አቤት፣ ምንም። ካልነገርኩት አምኖኝ ይወጣል፣ ጥላው የሄደችውን ልጅ አምኖ፣ አባዬ ያን ቀን እኔ፣ ወለሉን ታያለች፣ ቀለም የጠገበው ጫማው የመጀመሪያውን ደረጃ ረገጠ፣ ሁለተኛውን፣ ቆመ።

ትናንት ቀለም ሳመጣ መስታወቱን አዙሬዋለሁ፣ ይላል፣ ወደ ላይ እያየ።

ቀና አለች። ጥጉ ላይ የእንጨት ጀርባው፣ ሚስማሮቹ። ፉጨቱ። ፉጨቱ እኮ ከመሰላሉ በፊት ነው የተቆረጠው፣ ዞሮ ነበር፣ አይቷት ነበር፣ እያወቀ ነው ለቀለም ሻጩ፣ ለሐኪሙ፣ ለእናቷ፣ ጀግናዬ፣ ጀግናዬ።

አባዬ።

ያዥ በቃ፣ ይላል፣ ቀለሙ ሳይደርቅ።

ያዘች። በሁለት እጇ፣ በእግሯ ረግጣ፣ አጥንቱ ይጠዘጥዛል፣ ይጠዝጥዝ፣ ከላይ አንድ ጠብታ ቀለም ግንባሯ ላይ ያርፋል፣ ወደ ቅንድቧ ይወርዳል፣ አትጠርገውም፣ ለመጥረግ አንድ እጅ መልቀቅ አለባት።