ለማይሻገር መንጋ የጮኸ ቃጭል

አባቴን ከሆስፒታል ያወጣሁት ከሐኪሙ ጋር ተጣልቼ ነው።

«መንገዱ ይገድላቸዋል» አለኝ።

«አልጋውስ ምን ሊያደርገው ነው?»

አባቴ መጪውን በጋ እንደማያይ የነገረኝ ራሱ ሐኪሙ ነበር። አባቴ ዮቭና ዓይኑን ካጣ ቆይቷል፤ የሚለምነውም አንድ ነገር ብቻ ነው። አጋዘኖቻችን በጸደይ ጠባቡን ባሕር ዋኝተው ወደ ደሴቱ ሲሻገሩ ለመጨረሻ ጊዜ መስማት ይፈልጋል። እኛ የሰሜኑ አጋዘን አርቢዎች፣ ሳሚዎች፣ መንጋ የምናሻግረው ቃጭል ያንጠለጠለ አንድ ገራም አጋዘን ከጀልባ ኋላ አስረን ነው። ቃጭሉን የሰማ ሁሉ ውኃ ውስጥ ይገባል። የኛን መሪ አጋዘን፣ ሙዘትን፣ ከጥጃነቱ ያሳደገው አባቴ ነው።

የተሳፈርንባት፣ የሰሜን ኖርዌይን ዳርቻ ተከትላ የምትሄደው መርከብ አገር ጎብኚ ሞልቷታል። በረዶ የለበሱት ተራሮች ከባሕሩ ቀጥ ብለው ሲወጡ ሁሉም ይጮኻል። ውበቱን አልክድም። ደሜን የሚያፈላው «ሰው ያልነካው ምድር» የሚሉት ነገር ነው። እዚያ ስም የሌለው ጉብታ የለም፤ ስሙንም ያወጣነው እኛ ነን። ዛሬ ጎብኚው በአድናቆት የሚናገራትን ቃል ነገ የነፋስ ተርባይን የሚተክለው ኩባንያ ለፈቃድ ማመልከቻ ይጠቀምባታል። ሰው ያልነካው ምድር ባለቤት የለውማ!

ቀይ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ አጠገባችን ተቀመጠና አባቴን «ስንት አጋዘን አለዎት?» አለው።

ተነሥቼ ልጮኽበት ስል አባቴ ክንዴን ያዘኝ። «ተዪው፣ ሪስተን። አንተስ ወንድሜ፣ ባንክ ቤት ስንት አለህ?»

ሰውዬው ጃኬቱን መሰለ። አባቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ከወደቡ በአውቶቡስ ተራራውን ወጣን። ዛፉ እያነሰ ሄዶ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ በረዶና ሰማይ ብቻ ነው። አባቴ «የምታዪውን ንገሪኝ» ይለኛል፤ እኔም ሐይቁን፣ ሸንተረሩን፣ ድንጋዩን በየስማቸው እየጠራሁ እነግረዋለሁ። ሸንተረሩ ላይ የቆሙትን የነፋስ ተርባይኖች ግን ዘለልኳቸው።

«ያ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«ነፋስ ነው፣ አባዬ።»

«ነፋስ እንዲህ ምት እየቆጠረ አይነፍስም» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

መንገዱ ሲያልቅ ወንድሜ ኒላስ በበረዶ ላይ የሚሄደውን ሞተር ብስክሌቱንና ተጎታች መንሸራተቻውን ይዞ ጠበቀን። አባቴን በቆዳ ጠቅልሎ ካስተኛው በኋላ ወደ ጎን ሳበኝ። ፊቱ ከእንቅልፍ እጦት ጠቁሯል።

«መንጋው የለም፤ ተርባይኖቹ ሥር ሲደርሱ በርግገው ተመለሱ። ሙዘት ራሱ ገመዱን ከነቃጭሉ በጥሶ ጥሎ አብሯቸው ሄደ። በጭነት መኪና ዞረን ልንወስዳቸው ነው።»

«ታዲያ ንገረዋ!»

«አንቺ ንገሪው። ጋዜጣ ላይ እንደዚያ የምትፎክሪው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ስንት መሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ የደበደብኩ ሴት፣ ለገዛ አባቴ አንዲት ዐረፍተ ነገር አጣሁ።

የባሕሩ ዳርቻ ስንደርስ አባቴን ድንጋይ ላይ ቆዳ አንጥፈን አስቀመጥነው። ኒላስ «ጀልባውን ላውጣ» ብሎ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ቃጭል ሰማሁ።

ዞር ብዬ አየሁ። ኒላስ ብቻውን ነው። ቃጭሉን ቀበቶው ላይ አስሮ ይቀዝፋል፤ በየመሐሉ ቆም ይልና በመቅዘፊያው ውኃውን ይመታል፣ እንደሚዋኝ መንጋ ያንቦጫርቃል። «ና ሙዘት! ና ጎበዝ!» እያለ የሌለ እንስሳ ይጠራል። ያ ሠርጉ ላይ እንኳ ያልዘፈነ ዓይን አፋር ወንድሜ በባዶ ባሕር ላይ ይጮኻል።

አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ጆሮውን ወደ ባሕሩ አዘነበለ። ቃጭሉ እየራቀ ሄዶ ማዶው ዳርቻ ላይ ዝም አለ።

አባቴ ጆሮውን እንደቀሰረ ነው። ምን እንደሚጠብቅ ገባኝ። አጋዘን ሲራመድ እግሩ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ መንጋ ከውኃ ሲወጣ ያ ድምፅ ዳርቻውን ሁሉ ይሞላዋል፤ ድምፅም በውኃ ላይ ሩቅ ስለሚሄድ እዚህ ድረስ ይሰማል። የተሰማው የሞገዱ ድምፅ ብቻ ነበር።

«የኒላስ ክንድ ይዝላል» አለ ቀስ ብሎ። «ነፋሱ ሳይነሣ ይመለስ።»

ኒላስ በላብ ተጠምቆ ተመለሰ። «ሰማህ አባዬ?»

«ሰማሁ ልጄ። እንዲህ አድርጎ ያሻገረ ሰው የለም። እስቲ ቃጭሉን ስጠኝ።»

ኒላስ ፈትቶ ሰጠው። አባቴ ጓንቱን አውልቆ ቃጭሉን በጣቶቹ ዳሰሰ፤ ከዚያ መንጋ በማይነዳበት ጊዜ እንደምናደርገው፣ እንዳይጮኽ ጓንቱን ቃጭሉ ውስጥ ወተፈው። ጉልበቱ ላይ አኖረው።

ኒላስ የታፈነውን ቃጭል አየ። ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ፣ የታሰረውን ጀልባ እንደገና ማሰር ጀመረ።