ሌላ ሰው የሞላው ጥይት

«ቬርሊን ሰኞ ዕለት የሞላውን የጥይት ካርቶን ስጪኝ» አለ ሃስከል፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ የወጥ ቤቱ በር ላይ እንደቆመ። «ቅዳሜ መቃብሩ ላይ በገዛ ሽጉጡ፣ በገዛ እጁ በሞላው ጥይት እንተኩስለታለን። ልጆቹም ተስማምተዋል።»

ልጆቹ የሚላቸው እሱ ራሱ ያለበትን የተኩስ ክለብ አባላት ነው። ትንሹ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

አርዲስ ለአራተኛው የድንች በአይብ ትሪ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቦታ እየፈለገች ነበር። ባሏ ቬርሊን የሞተው ትናንት ረቡዕ ጠዋት ነው፤ የከተማው ሴቶች ከሰሙ ጀምሮ ምድጃቸውን አላጠፉም። ካርቶኑ የት እንዳለ እንደማታውቅ ለሃስከል ነገረችው። ካርቶኑ ጓሮ፣ የቬርሊን መሥሪያ ክፍል ውስጥ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። ውሸቱ እንዲህ መቅለሉ እሷኑ ገረማት።

ቬርሊን የከተማው እህል ጎተራ ሚዛን ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቷል። የገበሬውን መኪና ሙሉውን ይመዝናል፣ ባዶውን ይመዝናል፤ በሞንታና ምድር አጭበረበርከኝ ያለው ገበሬ የለም። ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ በትንሿ ሚዛን ባሩድ ይመዝናል። የሚሰበስበው መቶ ዓመት ያለፋቸውን፣ አፈሙዛቸው ትንሽ ጣት የሚያስገባ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦችን ነበር። አፈሙዙ የጠበበውን «የልብስ ስፌት መኪና» ይለዋል። አዲስ ገዝቶ ሲገባና አርዲስ ስትጠይቀው «ይሄማ ድሮም ነበረ» ይላታል። ድሮም የነበሩት ቀስ በቀስ አሥራ አንድ ደረሱ። አደን ግን አይወድም፤ በሕይወቱ ከወረቀት ኢላማ በቀር የመታው ነገር የለም።

ለእነዚያ ሽጉጦች የሚሆን ጥይት ሱቅ ውስጥ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ሰዎቹ የተተኮሰውን ቀለህ አጽድተው፣ ባሩድና አረር ጨምረው ራሳቸው ይሞሉታል። አንድ ሕግ አላቸው፦ ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት አትተኩስ። መኪናህን ታውሰዋለህ፣ የቤትህን ቁልፍ ትሰጠዋለህ፣ ጥይቱን ግን አትተኩስም። ባሩዱን ሁለቴ ጨምሮበት ከሆነ ያ የመቶ ዓመት ብረት እጅህ ላይ ይፈነዳል። ከዚህ ሕግ ውጪ የነበረው ቬርሊን ብቻ ነው። የእሱን ሁሉም ይቀበሉታል።

ሳሎን ውስጥ ሰዎቹ ቡናቸውን በወረቀት ኩባያ ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር። እስከ መጨረሻው እጁ አልተሳሳተም አለ አንዱ። እንደ ሰዓት ነበር አለ ሌላው። ሃስከል ወለሉን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

ከሁለት ዓመት በፊት በበጋ፣ ለምሳ ልትጠራው ወደ መሥሪያ ክፍሉ ስትገባ አንዱን ቀለህ ሁለት ጊዜ ባሩድ ሲሞላው አየች። ቀና ብሎ ፈገግ አለላት። ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ከምሳ በኋላ ሲያሸልብ፣ እሷ የሞላውን ሁሉ እየፈታች፣ ባሩዱን እየደፋች፣ እንደ አዲስ መዝና ትሞላው ነበር። ካርቶኑ ላይ የእሱ የእጅ ጽሑፍ እንዳለ ይቀራል። የሰኞውን ግን አልደረሰችበትም።

እውነቱን ብትናገር፣ የሚዛን ሰው የነበረው ባሏ አእምሮው ተዛብቶ ሞተ መባሉ ነው። ዝም ብትል ደግሞ የሃስከል እጅ አለ። የቀረው መንገድ የሰኞውን ጥይት ቀድማ መፍታት ነበር፤ ሐዘንተኛን ግን ማን ብቻውን ይተወዋል? ብድግ ስትል የሃስከል ሚስት ሉዌላ «ተቀመጪ፣ እኔ አመጣዋለሁ» ትላታለች። ምን እንደሚመጣ አትጠይቅም።

አርብ ከሰዓት የሚቀበርበትን ክራባት ልፈልግ ብላ ወጣች። ክራባት ጓሮ ይፈለጋል ወይ ያላት የለም።

ጥይት ነክሶ እንጨት ላይ ሲመታ አረሩን የሚተፋ የፕላስቲክ መዶሻ አለ። መታች። ስምንቱ ልክ ነበሩ። የዘጠነኛው ባሩድ እጥፍ ነው። አሥረኛው ባዶ። አሥራ አንደኛው እንደገና እጥፍ።

«ክራባቱ ተገኘ?» አለ ሃስከል። የመዶሻውን ድምፅ ሰምቶ ነው የመጣው።

ካርቶኑን መሸፈን ትችል ነበር። ሚዛኑን ወደ እሱ ገፋችለት። «ይሄን ልሰጥህ አልችልም። እጅህ ላይ ይፈነዳል። ባሩዱን መሳሳት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ሃስከል በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ። «እናውቃለን» አለ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በጋው ሳይገባ፣ ቬርሊን ለሃስከል ከሰጠው ጥይት አንዱ ጠቅ ብሎ ብቻ ቀረ፤ አረሩም አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ተገኘ። ቀጣዩን ቢተኩስ ኖሮ ጣቶቹ አይኖሩም ነበር። ለሰዎቹ ነገራቸው፣ ለቬርሊን አልነገረውም።

«ታዲያ ለምን ትቀበሉት ነበር?»

«አልቀበልም ማን ይበለው? ተቀብለን ኪሳችን እንከታለን፣ የራሳችንን እንተኩሳለን። እሱ ኢላማውን አይቶ ‹አያችሁ፣ ባሩዱ ነው› ይለናል። አዎ ባሩዱ ነው እንለዋለን።»

«ከዚያ ወዲህ አንዱንም አልተኮሳችሁትም?»

«አንዱንም።»

አርዲስ መዶሻውን አስቀመጠች። «እኔ ነበርኩ የምሞላው» አለች። «እሱ ሲተኛ። እያንዳንዷን መዝኜ። ጥሩ ጥይት ነበር እኮ፣ ሃስከል።»

ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው። ለቬርሊን ይሁን ለጥይቱ እሷም አልለየችውም። ሃስከል መሐረብ ፈልጎ አጣና ሽጉጥ መወልወያ ጨርቅ ሰጣት። ከዚያ በሁለቱ ዓመት ከቬርሊን የተቀበሉት ሠላሳ ስምንት ካርቶን በሙሉ እሱ ቤት ምድር ቤት ተደርድሮ እንዳለ ነገራት። አውጥቶ ለመጣል የጨከነ አልነበረም።

ቅዳሜ ሃስከል ከሠላሳ ስምንቱ አንዱን ይዞ መጣ። ማን እንደሞላው ለሰዎቹ በሹክሹክታ ነገራቸው። ሲያጎርስ ሰዎቹ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ነገሩን ያልሰሙት ቄስ ሦስት። ሃስከል ለጥንቃቄ እንደሚደረገው ከሽጉጡ ስድስት የጥይት ቀዳዳዎች አንዱን ባዶ ትቶ አምስት አጎረሰ፤ ባዶ ኮረብታ ላይ አነጣጥሮም አምስት ጊዜ ተኮሰ። አምስቱም አንድ ዓይነት ድምፅ አወጡ። አንድ ሽማግሌ እጁን ሊያጨበጭብ አንሥቶ ቀብር መሆኑ ትዝ አለውና ኪሱ ከተተው።

ሃስከል ሽጉጡን መሃሉ ላይ አጥፎ ሲከፍተው ባዶ ቀለሆቹ ተስፈንጥረው ሣሩ ላይ ተበተኑ። ሉዌላ የአርዲስን ክርን ያዝ አድርጋ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው አለቻት።

አርዲስ ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች። ቀለሆቹ ገና ይፋጁ ነበር። አራቱን እየለቀመች ጓንቷ ውስጥ ከተተች። አምስተኛው ጠፋ። ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቃት፤ እሷ ግን ሣሩን በጣቶቿ እያበጠረች፣ እስክታገኘው አልተነሣችም።