እንደገና ከመጀመሪያው

ልብስ ሰፊው ጸሎት በመጀመር አይታማም፤ ችግሩ መጨረሱ ላይ ነው። መሀል ላይ ልቡ ሌላ ቦታ ከሄደ፣ እንደተጣመመ ስፌት ሁሉንም ይተረትርና እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። ሀሳብ ደግሞ እንደ ዝንብ ነው፤ ባባረሩት ቁጥር ተመልሶ አፍንጫ ላይ ያርፋል። ስንቱ ደንበኛ ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ፣ ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያገኘው ባዶ እጁን ተመልሷል።

"አንተ እኮ እግዜርን ነገረኛ ደንበኛ አስመሰልከው" ትለዋለች ሚስቱ።

እሱ ግን አይስቅም። አንዲት ቃል ብትዘለል ቤቱ ላይ መዓት የሚወርድ ይመስለዋል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሰውየው ይፈራ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የመጀመሪያ ልጁ ሥራ አግኝታ ወደ ሩቅ ከተማ ልትሄድ ተነሳች። ሻንጣዋን በሩ ላይ አቁማ፣ "አባዬ፣ መርቀኝና ልሂድ" አለችው። እሱ ጸሎት ላይ ነበር፤ ያውም ለእሷው መንገድ። ጣቱን ቀስሮ ቆዪ አላት። ትንሽ እንደሄደ ሻንጣዋ ትዝ አለው፤ ዚፑን የጠገነው እሱ ነው፣ ይይዝ ይሆን? እንደገና ጀመረ። ሹራብ ይዛለች? እንደገና። እዚያ ስትደርስ ማን ይቀበላታል? አሁንም እንደገና።

ዓይኑን ሲገልጥ በሩ ላይ የቆመችው ሚስቱ ብቻ ናት።

"ሄደች። አውቶቡሱ ሊያመልጣት ሆነ።"

"ለእሷ እየጸለይኩ እኮ ነው።"

"ታዲያ ምን አስቸገረህ?"

"ሀሳቤ እየሄደ ነዋ።"

"ወዴት?"

"ወደ እሷ" አለ።

ለልጁ ሊጸልይ ብሎ ልጁን ከሀሳቡ ሲያባርር እንደረፈደበት ያን ጊዜ ገባው። ሚስቱ ለወትሮው የማታልፈው ነገር ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አልሳቀችበትም። ጫማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ አቀረበችለት።

የልብስ መለኪያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወደ መናኸሪያው ሮጠ። ሲደርስ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። በመስኮት የልጁን እጅ ለቀም አደረገና፣ "እንቅፋት አይምታሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ እጅሽ የነካው..." ሲል ቃሉ ጠፋው።

"አባት፣ ዞር ይበሉ፣ ልንወጣ ነው" አለ ረዳቱ።

ያ የለመደው ፍርሃት ያዘው። "ቆዪ ልጄ፣ ተሳሳትኩ፣ እንደገና ከመጀመሪያው..."

"አሜን" አለች ልጁ፣ ሳታስጨርሰው። "አሜን፣ አባዬ። ደርሶኛል።"

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፤ እጃቸው ተላቀቀ። ልብስ ሰፊው እዚያው ቆሞ አለቀሰ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ሀሳቡ አውቶቡሱን ተከትሎ ሄደ፤ እሱም አልመለሰውም።