ያልተላጠው ላፕቶፕ

የቢሮው ሰዎች አለቃቸውን ከኋላው «አባ ላስቲክ» ይሉታል፤ ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ነው። ስሙ በከንቱ አልወጣለትም። የመኪናው ወንበር ተገዝቶ እንደመጣ በላስቲኩ ነው፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲኩ ነው፣ የቤቱ ሶፋ ከሠርጉ ጀምሮ ላስቲኩ አልወለቀለትም። እንግዳ ተቀምጦ ሲነሳ ጭኑ አብሮ የሚገፈፍ ይመስላል። ሚስቱ አንድ ቀን ጫፉን ብትቀደው ሳምንት ሙሉ አኮረፋት። «ዕቃ አዲስነቱ ካለቀ ምን ቀረው?» ይላል። ዕቃ የሚገዛው ሊሠራበት እንደሆነ እስከዛሬ የነገረው ሰው የለም።

የቢሮው አርክቴክት የሚስቱ ታናሽ እህት ናት። ዘመድ በመሆኗ ከሌላው ሠራተኛ አብልጣ ትሠራለች፣ ከሌላው አሳንሳ ትጠይቃለች፤ የዘመድ ቢሮ ደንቡ ይኸው ነው። የሰው ወጥ ቤትና የሰው ደረጃ ስትስል ኖራ አሁን ገና የራሷ የምትለው ነገር እጇ ገብቷል፤ የአንድ ትምህርት ቤት ንድፍ፣ ያውም ለውድድር የሚቀርብ። ካሸነፈ ይሠራል። ከተሸነፈ ተመልሳ ወደ ወጥ ቤቷ ነው። ዳኞቹ ንድፉን በወረቀት ብቻ አያዩትም፤ በትልቅ ስክሪን ላይ ሕንፃው ውስጥ ገብተው፣ ኮሪደሩን ዞረው፣ ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ አይተው ነው የሚፈርዱት።

የእሷ ላፕቶፕ ግን ያንን ሞዴል ክፈት ሲባል እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ጎኗ የሚቀመጠው የድልድይ መሐንዲስም ዕድሉ ከእሷ አይሻልም። የአንዳቸው ማሽን ዝም ባለ ቁጥር ሌላኛው ቀና ሳይል «ነፍስ ይማር» ይላል።

አቤቱታቸው ሲበዛ አለቃው አንድ የኮምፒውተር ሻጭ ቢሮ ድረስ አስመጣ። ሻጩ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ምላሱ ከጫማው የባሰ ሰው ነበር።

«ትልቅ ሥራ የሚሠራ ባለሙያ ከላፕቶፕ ምን ይፈልጋል?» ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ። «ቅጥነት! ውበት! ሲያዩት የሚያስደነግጥ ነገር!»

«እኔ እንኳን የምፈልገው ሌላ ነው» አለች አርክቴክቷ። «የጫንኩበትን የሚሸከም፣ ሥራ ሲበዛበት የማይግል፣ ቀለም የማይዋሽ፣ የፕሮጀክተር ገመድ የምሰካበት ቀዳዳ ያለው። ቢወፍርም ግድ የለኝም፣ ላገባው አይደል።»

«የእኔንም ተናገረችው» አለ መሐንዲሱ።

ሻጩ ስቆ ይዞት የመጣውን ላፕቶፕ ከፈተና አንድ ቁልፍ ሲጫን የፊደሎቹ ሥር በሐምራዊ ብርሃን ቦግ አለ። የአለቃው ልብ እዚያው ቀረ፤ ወዲያው ገዛው።

እውነት ለመናገር ማሽኑ ጉልበት ነበረው፤ የእሷን ትምህርት ቤት ከነወንበሩ የሚሸከም ነበር። ነገር ግን የተቀመጠው አለቃው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሥራውም ኢሜይል ማንበብና የልደት ፎቶ ማገላበጥ። «ለአህያ ማር አይጥማትም» አለ መሐንዲሱ በአለቃው ክፍል መስታወት በኩል እያየ። አለቃው ደግሞ የፋብሪካው ላስቲክ አልበቃ ብሎት ሱቅ ወስዶ ሁለመናውን ሌላ ላስቲክ አስለበጠው፤ «አቧራ ይገባል» ብሎ ከሥሩ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ሳይቀር።

«ጋሼ፣ እኮ በዚያ ነው የሚተነፍሰው» አለችው።

«ማሽን አይተነፍስም፣ እህቴ።»

ለውድድሩ ቀን ሊያውሳት ተስማማ፤ ተሸካሚው ግን ራሱ ነው፣ ላስቲኩም አይነካም። እህቷም ማለዳ ደውላ አስጠነቀቀቻት። «አደራሽን እንዳትነኪው። እኔ የሶፋውን ነክቼ ያየሁትን አውቃለሁ።»

የውድድሩ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ከአለቃውና ከመሐንዲሱ ጋር ተራ ስትጠብቅ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሞዴሉን ከፈተች። መጀመሪያ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ደስ አላት፤ እንዲህ ያለ ማሽን ሕይወቷን ሙሉ ነው የተመኘችው። ትንሽ ቆይቶ መንቀርፈፍ ጀመረ። ከሥሩ ጉልበቷን ይለበልባት ገባ። ስክሪኑ ላይ ወደ ክፍል ሊገባ የነበረ አንድ ተማሪ እግሩን እንዳነሳ ቀረ፣ ቀጥሎም ሁሉም ነገር ድርግም አለ። ውስጥ ከእነሱ በፊት ለገባው ቡድን እየተጨበጨበ ነበር።

«ጋሼ፣ ላስቲኩ ይውጣ።»

«አብደሻል? ትንሽ ይረፍና ይበርድለታል።» ይህን ብሎ አጎነበሰና ላስቲኩ ላይ እፍ ይልበት ጀመር። ሙሉ ሰው፣ ከረባት ያሰረ፣ የቢሮ ባለቤት፣ በሰው ሁሉ ፊት በእፍ እፍ ትምህርት ቤት ሊያቆም። የሌላ ቢሮ ሰዎች አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

አርክቴክቷ ተናደደች። ንዴቱ የላፕቶፑ ብቻ አልነበረም። በገዛ ሳሎኗ ላስቲክ ላይ የምትቀመጠው እህቷ ትዝ አለቻት። እሷም ብትሆን እስከዛሬ እሺ ስትል የኖረችው ምን ይሁነኝ ብላ ነው? ላፕቶፑን ገለበጠችና ጥፍሯን ከላስቲኩ ጫፍ ሥር ሰደደች።

«በሕግ አምላክ!» ጮኸ አለቃው። ዘበኛው ሌባ የተያዘ መስሎት ዘወር አለ።

እሷ አልሰማችውም። ከሥሩ ጀምራ በጎኑ ዞራ እስከ ክዳኑ ድረስ ጠርርር አድርጋ ላጠችው። የታፈነው ግለት ፊቷን መታት። ላስቲኩን ጨብጣ አድቦልቡላ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ይኸው፣ ጋሼ። ይህኛውን አቧራ እንዳይነካብህ።»

ስማቸው ሲጠራ ማሽኑ በርዶ ተነስቶ ነበር። ዳኞቹ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ገቡ። አንዷ ዳኛ «እስቲ የኋላው ረድፍ ይታየኝ፣ ጨለማ አይሆንም?» ስትል አርክቴክቷ አዞረችላት፤ ማሽኑም ያለ አንዳች መንተባተብ ዞረ፣ የጠዋት ፀሐይ የመጨረሻው ወንበር ላይ አርፋ ታየች። አለቃው ኋላ ተቀምጦ የላስቲኩን ድቡልቡል ይዳብሳል፤ ከተባለው አንድም ቃል የሰማ አይመስልም።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ሲነገር አሸነፉ። እሷ አለቀሰች። አለቃው ግን ነፍስ ዘራና መድረክ ላይ ወጥቶ «የድላችን ምሥጢር ለሠራተኛ መሣሪያ አለመሰሰታችን ነው» ብሎ ተናገረ። እንዲህ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲናገር መሐንዲሱ ከሳቁ ጋር ሲታገል ሳል ያዘው።

በማግስቱ አለቃው ላፕቶፑን በሁለት ጣቱ ይዞ መጣና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት።

«ውሰጂው» አለ ፊቱን አጨፍግጎ። «አሁንማ አሮጌ ሆኗል።»

ለራሱ ሌላ ገዝቶ ነበር፤ ከፊተኛው የቀጠነ፣ ላስቲኩ ድርብ። ስትለምን የከረመችው ማሽን ስለተላጠ ብቻ የእሷ ሆነ። ገመዱን ሰክታ ሥራዋን ቀጠለች።

መሐንዲሱ በመስታወቱ በኩል አዲሱን ላፕቶፕ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወንበሩን እየገፋ ተጠጋት።

«ለመሆኑ የእኔ የድልድይ ውድድር መቼ ነበር?»

«በሚመጣው ወር። ምነው?»

«ጥፍሬን ላሳድግ ብዬ ነው።»