የጋሽ ሳህሌ ሞደም

ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ፣ ከፀጉር ቤቱ በላይ ባለችው የማኅበር ቢሮ፣ ዐርብ ከሰዓት ኮምፒውተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ደርቆ ቀረ። ሞደሙ ፋክስ ለመላክ ስልክ መደወል ሲጀምር ማውሱ ቀጥ ይላል። ጸሐፊው ኃይለመለኮት ደግሞ ነገር በራሱ ይበላሻል ብሎ የሚያምን ሰው አይደለም። ዕድሜውን በፖለቲካ ድርጅት የፈጀ ሰው አምፖል እንኳ ሲቃጠልበት «ማን ገብቶ ነበር?» ነው የሚለው።

የጸዳለ የጥገኝነት ምስክርነት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቃዋ ዘንድ ካልደረሰ፣ ሰኞ ባዶ እጇን ዳኛ ፊት ልትቆም ነው። እሷ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሰዓቱን ታያለች፤ ኃይለመለኮት ባፈናን ያያል። ማውሱን ለማኅበሩ የሰጠው ባፈና ነው፤ ባለፈው ምርጫም የተሸነፈው የባፈና ወገን ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

«ጓድ ኃይለመለኮት፣ ኪሴን ልገልብጥልህ?» አለ ባፈና።

«አንተ ብቻ እንዳትነካ!»

ካምደን ኮምፒውተር የምትጠግነው ትበርህ ተጠርታ መጣች። የአስመራ ልጅ በመሆኗ ኃይለመለኮት በሆዱ አንድ ነጥብ ያዘባት።

«ሞደሙም ማውሱም ኮም አንድ የሚባለው መስመር ላይ ናቸው» አለች የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ከፍታ። «በአንድ በር እየተጋፉ ነው። ሞደሙ ከፋብሪካ ሲመጣ ኮም ሁለት ላይ ነው። ማን ቀየረው?»

እሑድ በሩን ከውስጥ ቆልፎ የሞደሙን ካርድ የገጠመው ራሱ ኃይለመለኮት ነው። ሞደሙን የሰጡት ሊቀ መንበሩ ጋሽ ሳህሌ ናቸው፤ የሽማግሌ ስጦታ ከባፈና ማውስ በታች ሊውል? ካርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ መሰኪያ ነቅሎ አንድ ቁጥር ላይ ሰካት። ጋሽ ሳህሌ ደግሞ ይኸው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

«ማውሱን ሁለተኛ ብናደርገውስ?» አለ ኃይለመለኮት።

«ከጀርባው ያለው የማውስ መሰኪያ የሚሠራው ኮም አንድ ላይ ብቻ ነው» አለች ትበርህ። « ሃያ ደቂቃ ቀርቷችኋል።»

ጸዳለ ተነሥታ ኃይለመለኮት ፊት ቆመች። «ወንድሜ፣ የምታውቀው ካለ በማርያም ተናገር!»

«እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ጋሽ ሳህሌ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎን ሁለተኛ ማድረግ ከብዶኝ ነው።»

«እኔ እዚያ ሣጥን ውስጥ አለሁ እንዴ? ንቀለው!»

ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ነቀለ፣ ቀየረ፣ አስነሣ። ሞደሙ ጮኸ፤ ማውሱም ተንቀሳቀሰ። ጸዳለ ጠበቃዋ ጋ ደውላ «ደርሷል!» አለችና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

ባፈና እጁን ዘረጋ። ኃይለመለኮትም ጨበጠው፤ አስቀድሞ ግን መዳፉ ባዶ መሆኑን አየ።