ያልተከፈተ ጉድጓድ

ለፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሦስት ሰዓት ቀርቶታል፤ አላምረው መቆሚያ መቀመጫ አጥቷል። ቆቦ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ የመሬት መዝገብ ያዥ ነው። ዋናው ኮምፒውተር ትናንት መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ። እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ባላቸው ሲሞቱ ማሳው ወደ እሳቸው ስም የዞረው በሰኔ ነው፤ የይዞታ ደብተሩ ግን ገና አልታተመም። የባላቸው ወንድም «የእኔ ነው» ብሎ ከሷቸዋል፤ ዳኛው ከመዝገቡ የታተመ ወረቀት ይፈልጋሉ።

«አይዞዎት፣ መጠባበቂያ ቅጂ አለን» አላቸው።

ቅጂው ቴፕ ላይ ነው። ድሮ አንድ ማጫወቻ ነበር፤ አላምረው በየዓርቡ በእጁ ካሴት እየቀየረ ይቀዳበት ነበር። በሚያዝያ መጨረሻ ካሴቱን ራሱ እያነሳ የሚቀይር፣ ቁም ሳጥን የሚያህል ማሽን መጣ። «የሰው እጅ ይረሳል፣ ይህ አይረሳም» ብሎ አራት ገጽ ሪፖርት የጻፈውም፣ አሮጌውን ማጫወቻ ጠረጴዛ ሥር የወረወረውም እሱ ነው። በዚያ ሪፖርት ምን ያህል ተኮፍሶበት ነበር!

ዛሬ የቁም ሳጥኑ የብረት እጅ ካሴት እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ቢከፍተው ውስጡ የቆቦ አቧራ ተጋግሮበታል። አሮጌውን ማጫወቻ ጎትቶ አወጣና ካሴቶቹን አንድ በአንድ አጎረሰው። የነሐሴው አይነበብም። የሐምሌው አይነበብም። የሰኔውም። የተነበበው በገዛ እጁ የቀዳው የሚያዝያው ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ማሳው ገና በሟቹ ስም ነው። 

«ማሽኑ ‹ተቀድቷል› እያለ በየቀኑ አረንጓዴ ያበራ ነበር እኮ!» አለ።

እትዬ ጥሩወርቅ ቀና ብለው አዩት። «እኛ ማሽላ ጉድጓድ ስናስገባ ዘሩን ለይተን ከምድጃው በላይ እንሰቅላለን። ጉድጓዱንም ከፍተን እናሸተዋለን። እናንተ ይኼን ከፍታችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ?»

አንድም ቀን አያውቅም። እፍረት ፊቱን አጋለው።

የሚያዝያውን አትሞ ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም፤ ሪፖርቱም ስሙም እንደተከበረ ይቀራል። እሳቸው ግን ማሳቸውን ያጣሉ። የታተመውን ወረቀት አነሳ፣ አስቀመጠ፣ እስከ መስኮቱ ሄዶ ተመለሰ። በመጨረሻ መሳቢያውን ከፍቶ ሪፖርቱን አወጣ።

«ይነሱ፣ እንሂድ። በሰኔ ስምዎን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ቅጂውን ሳልፈትሽ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።»

«ይኼን ዳኛው ፊት ትለዋለህ?»

አላምረው የፈረመበትን ሪፖርት አስያዛቸው።

«እርስዎ ይያዙልኝ» አለ፤ «መንገድ ላይ እንዳልቀደው።»